አሳልፈው የሰጡት፣ ተመልሰው የመጡት

በጸሎተ ሐሙስ ማታ የወደቁት ሁለት ደቀ መዛሙርት ነበሩ። አንዱ መምህሩን በ30 ብር አስረከበ። ሌላው በሊቀ ካህናቱ ግቢ ከፍም እሳት ዳር ቆሞ ሲሞቅ አንዲት ገረድ ጠየቀችውና አላውቀውም አለ። ሁለተኛ ሲጠየቅ ደገመው፤ በሦስተኛው ማለ፣ ተገዘተ፤ ዶሮም ጮኸ።

ይሁዳን ጸጸት ጨርሶ ያልነካው ሰው አድርጎ ማውራት የተለመደ ነው። ማቴዎስ ግን እንደዚያ አልጻፈም። ይሁዳ ተጸጽቷል፤ ብሩን መልሷል፤ ንጹሕ ደም አሳልፎ መስጠቱን በገዛ አፉ መስክሯል። ጸጸቱን ይዞ የሄደው ግን ወደ ገዙት ካህናት ነበር። እነሱም የራስህ ጉዳይ ነው ብለው አሰናበቱት፤ ሄዶም ታነቀ። ጴጥሮስ ወደ ውጭ ወጥቶ ምርር ብሎ አለቀሰ። ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር፣ አሁንም ፍም በተቀጣጠለበት፣ ጌታ ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ብሎ ጠየቀው፤ ለሦስቱ ክህደት ሦስት ጥያቄ። ከዚያም በጎቹን አደራ ሰጠው። ሊቀ ሐዋርያት እየተባለ የሚጠራው ሰው፣ ሦስት ጊዜ የካደው ይኸው ሰው ነው።

«አሳልፎ መስጠት» በአማርኛ የእጅ ሥራ ነው፤ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ማቀበል። ወንጌል የተጻፈበት ግሪክኛም፣ የምዕራቡ ላቲንም በዚሁ ይስማማሉ፤ ማስረከብንና መክዳትን በአንድ ቃል ይናገሩታል። ላቲን ተናጋሪ ክርስቲያኖች ከዚህ ግሥ «ትራዲቶር» የሚል ስም አወጡ፤ አስረካቢ እንደ ማለት ነው። ይህ ስም በኋላ የሰሜን አፍሪካን ክርስቲያኖች ለሁለት ከፍሎ ከመቶ ዓመት በላይ አፋጅቷል።

ነገሩ የተጀመረው ግን በሌላ ዳርቻ ነው። በ112 ገደማ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጥቁር ባሕር ዳር የቢታንያ ገዥ የነበረው ፕሊኒ ክርስቲያኖችን ሲመረምር ያገኘውን ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያን ጻፈለት። ተከሳሹን ክርስቲያን ነህን ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቀዋል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሞት እንደሚጠብቀው ያስጠነቅቀዋል። ከጸና ያስገድለዋል። የካደው ለአማልክቱ ይጸልያል፣ በንጉሡ ምስል ፊት ዕጣንና ወይን ያቀርባል፣ ክርስቶስን ይሰድባል፣ ይለቀቃል። ከተጠየቁት መካከል ከ3 ዓመት በፊት፣ አንዳንዶቹም ከ20 ዓመት በፊት ሃይማኖቱን ትተናል ያሉ ነበሩ። ትራያንም አሠራሩን አጸደቀለት። ወንጀለኛ ጥፋቱን እንዲያምን ይገረፋል፣ ክርስቲያን ግን እንዲክድ ይገረፋል፤ ይህን ግራ የገባው ችሎት የካርታጎው ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ በኋላ ክፉኛ ተሳልቆበታል።

ለካደ ሰው የመንግሥት በር ተከፈተለት፤ የቤተ ክርስቲያኑስ? በሁለተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሮም ውስጥ ሄርማ የተባለ፣ ከባርነት ነፃ የወጣ ሰው፣ በእረኛ አምሳል የተገለጠለት መልአክ ነገረኝ ያለውን ጻፈ። ከጥምቀት በኋላ ለወደቀ ሰው አንድ ንስሐ አለው፤ አንድ ብቻ። ዛሬ ይህ ጠባብ ይመስላል። በዘመኑ ግን ከተጠመቀ በኋላ ለበደለ ሰው ምንም ዕድል የለውም የሚሉ መምህራን ስለነበሩ፣ የሄርማ ቃል የተዘጋ በር ገርበብ ማድረግ ነበር። መጽሐፉ በግዕዝም ተተርጉሟል። አንቷን ዳባዲ የተባለው ተጓዥ በ1847 የግዕዙን ቅጂ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም አገኘው፤ በ1860 ላይፕዚሽ ላይ ታተመ።

በ177 በሊዮን ከተማ፣ ዛሬ ፈረንሳይ በሆነው አገር፣ ሕዝብ ተነሥቶ ክርስቲያኖችን እየጎተተ ወደ ችሎት አቀረበ። በመጀመሪያው ምርመራ 10 ያህሉ ካዱ። ከግርፋቱ ይልቅ የእነሱ መካድ አሳዘነን ይላሉ ከሞት የተረፉት ወደ እስያ በላኩት ደብዳቤ። የሊዮኑ ነገር እንግዳ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው፤ የካዱት አልተፈቱም። ክርስቲያን በመሆን መከሰሳቸው ቀርቶ፣ ሕፃን በመብላትና በነፍስ ግድያ ተከሰው ከጸኑት ጋር አንድ እስር ቤት ቆዩ። የጸኑት በደስታ ሲመላለሱ የካዱት አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ከካዱት አንዷ ቢብሊስ ትባላለች። አንዴ የተሰበረች ናትና የፈለግነውን ትናገራለች ብለው በክርስቲያኖች ላይ እንድትመሰክር እንደገና ገረፏት። ሥቃዩ ከእንቅልፍ እንደ ነቃ ሰው አደረጋት። የእንስሳ ደም እንኳ መቅመስ የተከለከሉ ሰዎች እንዴት ሕፃን ይበላሉ ብላ መለሰችላቸው፤ ክርስቲያን ነኝ አለች፤ ከሰማዕታቱም ተቆጠረች። ከካዱት አብዛኞቹ ሁለተኛ ሲጠየቁ እንደ እሷ ሆኑ። ደብዳቤው ምክንያቱን አልሸሸገም፤ ሞት የሚጠብቃቸው እስረኞች በወደቁት ላይ አልፈረዱም፣ አለቀሱላቸው እንጂ። የተሠቃየው ሰው ላልተሠቃየው ሲራራ የምናየው እዚህ ብቻ አይደለም። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለት ግን አይቻልም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ንጉሠ ነገሥቱ ዳክዮስ ነው። በ249 መጨረሻ የነገሠበትን ዓመት ሳይጨርስ፣ የግዛቱ ነዋሪ ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ። ቀደም ሲል ክርስቲያን የሚያዘው ከሳሽ ሲገኝ ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ ሰው በሹማምንት ፊት ሠውቶ፣ የመሥዋዕቱን ሥጋ ቀምሶ፣ የምስክር ወረቀት ማውጣት ግድ ሆነበት። ከእነዚህ ወረቀቶች ከ40 በላይ የሚሆኑት ከግብፅ አሸዋ ወጥተዋል። ስም፣ መንደር፣ አንዳንዴም ዕድሜ ይጻፋል፤ ሁልጊዜ ስሠዋ ኖሬአለሁ፣ አሁንም በፊታችሁ ሠዋሁ ይላል፤ ሹሙ ይፈርማል። አብዛኞቹ የ250 ሰኔና ሐምሌ ናቸው። ቢሮክራሲ ቢሮክራሲ ነውና፣ የአዞ አምላክ አገልጋይ የነበረች ሴት እንኳ ወረቀት ማውጣት አልቀረላትም።

በሰሜን አፍሪካዋ ካርታጎ ሰው ሳይጠራ ሄደ። ጳጳሱ ቆጵርያኖስ እንደጻፈው ምእመናኑ እየተጋፉ ወደ መሠዊያው ወጡ። መሽቷልና ነገ ኑ ቢባሉ ዛሬውኑ ተቀበሉን ብለው የለመኑ ነበሩ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን በክንዳቸው አቅፈው መጡ። የወደቁት ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አልነበሩም። መሥዋዕት የሠዉ አሉ፤ ዕጣን ብቻ ያጤሱ አሉ፤ ሦስተኞቹ ደግሞ ለሹሙ ጉቦ ሰጥተው ሳይሠዉ እንደ ሠዉ የሚል ወረቀት ገዙ። እነዚህኞቹ እጃችን ንጹሕ ነው ባዮች ነበሩ።

ቆጵርያኖስ ራሱ ሸሽቶ ተደብቆ ነበር። መንጋውን ከስውር ቦታው በደብዳቤ ይመራል፤ የሮም ካህናትም እረኛ ሲሸሽ ምን ይባላል የሚል ሽሙጥ ለካርታጎ ጽፈዋል። በዚህ መሐል ስለ እምነታቸው ታስረው የተገረፉት ክርስቲያኖች ለወደቁት የይቅርታ ደብዳቤ ይሰጡ ጀመር። እገሌን ከነቤተ ሰቡ ተቀበሉት ይላል ደብዳቤው። በአንድ ስም 20ና 30 ሰው እየገባ ነው ብሎ ቆጵርያኖስ አማረረ። ንስሐ ሳይገቡ፣ እንባ ሳይፈስ፣ ጳጳሱ ሳይጠየቅ ምን ዓይነት ይቅርታ ነው? ሐሳቡ ትክክል ነበር። የካርታጎ ሰው ግን ከተደበቀው ይልቅ የታሰረውን ቢሰማ አይፈረድበትም።

በ251 ከፋሲካ በኋላ ቆጵርያኖስ ወጣ፤ የአፍሪካ ጳጳሳት ተሰበሰቡ። ወረቀት የገዙት እያንዳንዳቸው ታይተው ይግቡ፤ የሠዉት ዕድሜ ልካቸውን በንስሐ ይቆዩ፣ በሞት አልጋ ላይ ይቁረቡ አሉ። ብዙም ሳይቆይ አዲስ ስደት ሲያሰጋ ይህም እንዲላላ ተደረገ፤ ሰማዕትነት ሊጠየቅ ያለን ሰው ሥጋ ወደሙ ከልክሎ ማሰለፍ አይገባምና ንስሐ የገቡት ሁሉ ይግቡ ተባለ። ሮም ውስጥ ኖቫጥያኖስ የተባለ የተማረ ቄስ በተቃራኒው ቆመ፤ ክህደትን ይቅር የማለት ሥልጣን ቤተ ክርስቲያን የላትም ብሎ የራሱን ጉባኤ መሠረተ፤ ተከታዮቹም ንጹሐን ተባሉ። ባላንጣው ጳጳስ ቆርኔሌዎስ እንደከሰሰው ከሆነ፣ ይህ ሰው በስደቱ ጊዜ ወንድሞችን እንዲረዳ ቢለመን በሩን ዘግቶ አልወጣም ብሏል። ክሱ የባላንጣ ክስ ነውና በመጠኑ መያዝ አለበት።

የአንጾኪያው ጳጳስ ፋብዮስ ልቡ ወደ ኖቫጥያኖስ ሲያደላ፣ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ዲዮናስዮስ ሊመልሰው የጻፈለት ክርክር አልነበረም፤ የአንድ ሽማግሌ ታሪክ ነበር። ሽማግሌው ሰራፕዮን ይባላል። ብዙ ዘመን ያለ ነቀፋ ኖሮ በፈተናው ሠዋ። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ይቅርታ ለመነ፤ የሰማው አልነበረም። ታመመ፤ ሦስት ቀን አፉ ተዘግቶ፣ ራሱን ስቶ ተኛ። በአራተኛው ቀን ጥቂት ነቃና የልጁን ልጅ ጠርቶ እስከ መቼ ታቆዩኛላችሁ፣ ቄሱን ጥራልኝ አለው። ልጁ በሌሊት ሮጠ። ቄሱም ታሞ ተኝቷል። ይሁን እንጂ የሚሞቱ ሰዎች ከለመኑ እንዲፈቱ ዲዮናስዮስ አስቀድሞ አዝዞ ነበርና፣ ቄሱ ከቅዱስ ቁርባኑ ጥቂት ለልጁ ሰጥቶ፣ አርሰህ በአፉ ጨምርለት አለው። ቁርባን በሕፃን እጅ በሌሊት ጎዳና ሲሄድ ማሰብ የኛን አንባቢ ሊያስደነግጠው ይችላል፤ የዘመኑ ጭንቅ ነው። ልጁ ወደ ቤቱ ገና ሳይገባ ሽማግሌው ነቅቶ፣ መጣህ ልጄ፣ የታዘዝከውን ቶሎ አድርግና አሰናብተኝ አለው። ልጁ አርሶ በአፉ ጨመረለት። ሰራፕዮን ዋጠ፤ ወዲያውም ነፍሱ ወጣች። ዲዮናስዮስ ለፋብዮስ ያቀረበው ጥያቄ ይህ ሰው እስኪፈታ ድረስ በሕይወት የተጠበቀ አይመስልህምን የሚል ነው።

ቆጵርያኖስም በኋላ ስደት ሲነሣ መስከረም 14 ቀን 258 በሰይፍ ተገደለ። በዚያን ጊዜ አልሸሸም። ለሰያፊው 25 የወርቅ ሳንቲም እንዲሰጠው አዘዘ።

ከዚያ ወዲያ ወደ 40 ዓመት ገደማ ሰላም ሆነ። አብያተ ክርስቲያናት ተሠሩ፣ ንዋየ ቅድሳት ተከማቸ፣ መጻሕፍት በዙ። በየካቲት 303 ንጉሠ ነገሥቱ ዲዮቅልጥያኖስ ከኒቆሜድያ ያወጣው የመጀመሪያው ዐዋጅ በዚህ ሁሉ ላይ ነበር፤ ሕንፃው ይፍረስ፣ መጻሕፍቱ ይቃጠሉ። ይህ ዐዋጅ ሰውን ክርስቶስን ካድ አላለውም። መጽሐፉን ስጠኝ ብቻ ነው ያለው። ጥያቄው እንዲህ ሲያንስ ወድቄአለሁን ብሎ ራሱን የሚጠይቀውም ያንሳል።

ግንቦት 19 ቀን 303 በሰሜን አፍሪካ፣ በኑሚድያ ዋና ከተማ በሲርታ የሆነው በችሎት ጸሐፊዎች ቃል በቃል ተመዝግቦ ቆይቷል። የከተማዋ አስተዳዳሪ ሙናጥዮስ ፊሊክስ፣ የጣዖት ካህንም ነው፣ ክርስቲያኖች ወደሚሰበሰቡበት ቤት መጣ። ጳጳሱ ጳውሎስ ተቀምጧል፣ ቀሳውስቱም ከእሱ ጋር፤ ዲያቆናቱ ቆመዋል። መጻሕፍቱን አምጡ ተባለ። ጳውሎስ መጻሕፍቱ በአናጉንስጢሶች (በአንባቢዎቹ) እጅ ናቸው፣ እዚህ ያለውን እንሰጣለን አለ። ስማቸውንስ? ታውቋቸዋላችሁ አለ።

ጸሐፊው መቁጠር ጀመረ። 2 የወርቅ ጽዋ፣ 6 የብር ጽዋ፣ የብር መብራቶች፣ የነሐስ መቅረዞች። 82 የሴት ቀሚስ፣ 16 የወንድ ቀሚስ፣ 13 ጥንድ የወንድ ጫማ፣ 47 ጥንድ የሴት ጫማ። ለነዳያን የተሰበሰበ ልብስ ሳይሆን አይቀርም። የመጻሕፍቱ መደርደሪያ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ፊሊክስ ጠርጥሮ ሲጫን ሲልዋኖስ የተባለ ንፍቅ ዲያቆን ከእንስራ ጀርባ አገኘሁት ብሎ የብር ሣጥንና የብር መብራት አወጣ። ከሹሙ ሰዎች አንዱ ባታገኘው ኖሮ ሞተህ ነበር አለው። ሲልዋኖስን ልብ ይሏል።

ሁለት ንፍቅ ዲያቆናት፣ ካቱሊኖስና ማርኩክልዮስ፣ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አወጡ። ሌላው የታል ሲባሉ በአናጉንስጢሶች ቤት ነው አሉ። ስማቸውን ተናገሩ ሲባሉ ግን እንዳሻችሁ አድርጉን፣ ግደሉን፣ እኛ ሰው አሳልፈን አንሰጥም አሉ። መጽሐፍ አስረክበው ሰው አናስረክብም ያሉ ሁለት ሰዎች! ታሰሩ። ቤቶቹን ሌሎች አሳዩ፤ ፊሊክስም በየደጃፉ ዞረ። ከአንዱ ቤት 4 መጽሐፍ ወጣ፣ ከሌላው 5፣ ከሦስተኛው 8። የሰዋስው መምህሩ ቪክቶር 2 መጻሕፍትና 4 ያልተደጎሱ ጥራዞች ነበሩት። አንዱ እቤቱ አልነበረም፤ ሚስቱ 6 አውጥታ ሰጠች፤ ቤቱ ተበርብሮ ሌላ አልተገኘም።

በሌላ ስፍራ ሌላ ሆነ። የትብዩካው ጳጳስ ፊሊክስ መጽሐፉ አለኝ፣ አልሰጥም ብሎ ሞተ። የካርታጎው መንሱርዮስ ቅዱሳት መጻሕፍቱን ሸሽጎ የመናፍቃን መጻሕፍት በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አስቀመጠ፤ መርማሪዎቹም እነሱን ወስደው ሄዱ። ብልሃቱ ያስቃል። አንዳንዶችን ግን አላሳቀም፤ ሸሸገ ወይስ ሰጠ ብለው ጠየቁ። በአቢቲና ጳጳሱ መጻሕፍቱን ሲያስረክብ 49 ምእመናን ግን በእሑድ ጸሎት ተይዘው በካርታጎ እስር ቤት ገቡ። እነዚህ እንደ ሊዮኖቹ አልራሩም፤ ከአስረካቢዎች ጋር የሚተባበር ከእኛ ጋር ዕጣ የለውም ብለው ከእስር ቤት ፈረዱ። የካርታጎ ዲያቆን ቄኪልያኖስ ለእስረኞቹ ምግብ እንዳይገባ ከለከለ የሚል ወሬም ተነሣ።

በግብፅም ያው ጥያቄ በሌላ መልክ መጣ። በእኛ ስንክሳር ተፍጻሜተ ሰማዕት ጴጥሮስ እየተባለ ኅዳር 29 የሚታሰበው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት፣ በ306 ለወደቁት 14 ቀኖናዎች ጻፈ። እንደ ጥሩ ሐኪም ቁስልን ከቁስል ለይቷል። በግርፋት ብዛት የተሰበረ፣ ስደቱ ከጀመረ ወዲህ ባዘነባቸው ዓመታት ላይ 40 ቀን ይጨመርበት። እስር ብቻ ያስፈራው አንድ ዓመት። ጌታው በእሱ ምትክ እንዲሠዋ ያስገደደው ባሪያ አንድ ዓመት ንስሐ ይግባ፤ ያስገደደው ጌታ ሦስት ዓመት። ገንዘብ ከፍሎ ያመለጠ አይወቀስ። የሸሸም አይወቀስ። ወድቆ ተመልሶ የታገለ ካህን ይቁረብ እንጂ አያገልግል። የሊቆፖሊሱ ጳጳስ ሜሊጥዮስ ይህ ላላ ነው ብሎ ተለየ። ጴጥሮስ በኅዳር 311 አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ፤ ላላ የተባለው እሱ ነበር።

ሲርታ ደግሞ አዲስ ጳጳስ ያስፈልጋት ነበር። ስደቱ በአፍሪካ ሲበርድ ጥቂት የኑሚድያ ጳጳሳት ለሲመት ተሰበሰቡ። ሊቀመንበሩ የቲጊሲሱ ሴኩንዶስ አስቀድሞ እንመርመር፣ ያስረከበ አይሹም አለ። አንዱን ጠየቀ፤ ሰውየው ነገሩን አድበሰበሰ። ሌላው የሰጠሁት የሐኪም መጻሕፍት ነው አለ። ሦስተኛው ወንጌሉ ጽሕፈቱ የጠፋ ነበር ብሎ ተከራከረ። ፑርፑርዮስ የተባለው ደግሞ የእኅትህን ልጆች ገድለሃል ሲባል፣ አዎን፣ የሚቃወመኝን እገድላለሁ ብሎ መለሰና፣ አንተስ በተያዝክ ጊዜ ምን ሰጥተህ ተለቀቅህ ብሎ ዞረበት። ሴኩንዶስ ምርመራውን ትቶ ሁሉንም ለእግዚአብሔር ፍርድ ተወው። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ከዚያ ማንን ሾሙ? ሲልዋኖስን፤ ከእንስራው ጀርባ ያገኘውን። ይህን የመዘገበው ቃለ ጉባኤ ሐሰተኛ ነው የሚል ክርክር ከጥንት ጀምሮ አለበት። የሲልዋኖስ ጉዳይ ግን በሌላ ማስረጃ ይወጣል።

መንሱርዮስ ሲሞት፣ በ311 ወይም በ312፣ ቄኪልያኖስ የካርታጎ ጳጳስ ሆነ። ሉኪላ የምትባል ባለጸጋ ሴት ቂም ይዛበት ነበር፤ ከቁርባን በፊት የአንድ ሰማዕት አጥንት ትሳም ነበርና ዲያቆን ሳለ ገሥጿት ነበር። ከኑሚድያ 70 ጳጳሳት መጡ፤ መሪያቸው ያው ሴኩንዶስ፣ ከመካከላቸው ያው ሲልዋኖስ። ቄኪልያኖስን የቀባው የአፕቱንጋው ፊሊክስ አስረካቢ ነው፣ በአስረካቢ እጅ የመጣ ሲመት ባዶ ነው ብለው አወገዙትና የሉኪላን ቤት ሰው ማዮሪኖስን ሾሙ። እሱን የተካው ዶናቱስ ነበር፤ ወገኑም በእሱ ስም ዶናቲስት ተባለ።

አሳዳጅ የነበረው መንግሥት አሁን ዳኛ ሆነ። ቆስጠንጢኖስ በ313 ጉዳዩን ወደ ሮም ላከ፤ ቄኪልያኖስ ረታ። በ314 አርል ላይ ሁለተኛ ጉባኤ ተቀመጠ፤ አሁንም ረታ። አርል ላይ አስረካቢነቱ በመንግሥት መዝገብ የተረጋገጠበት ካህን ይሻር፣ በእሱ እጅ የተሾሙት ግን ሹመታቸው ይጽና ተባለ። በ315 ዓለማዊ ችሎት የአፕቱንጋውን የፊሊክስን ጉዳይ ከሥሩ ሲመረምር፣ እሱን የሚወነጅለው ደብዳቤ ኢንጌንትዮስ የተባለ ጸሐፊ ቃል የጨመረበት ሆኖ ተገኘ። መቶ ዓመት የፈጀው ጠብ የተነሣበት ሰው ንጹሕ ነበር።

ታኅሣሥ 320 ደግሞ ኑንዲናርዮስ የተባለ ዲያቆን ከጳጳሱ ከሲልዋኖስ ጋር ተጣልቶ ገዥው ዜኖፊሎስ ዘንድ ከሰሰው። የ303 መዝገብ ተነበበ፤ ጫማዎቹ፣ ቀሚሶቹ፣ መብራቱ። የሰዋስው መምህሩ ቪክቶር ምስክር ሆኖ ቀረበ፤ በመጀመሪያ ወደ ተራራ ሸሽቼ ነበር፣ ምንም አላውቅም ለማለት ሞከረ፤ መዝገቡ ሲያፋጥጠው ሲልዋኖስ አስረካቢ ነው አለ። የሉኪላ 400 ፎሊስ ገንዘብ ለጳጳሳቱ መከፋፈሉም በዚሁ ችሎት ወጣ። ያልነጻ እጅ የነካው ሁሉ ረከሰ ያለችው ቤተ ክርስቲያን፣ በራሷ መለኪያ ከመሠረቷ የረከሰች ሆነች። እንዲህ ሆኖም አልፈረሰችም። በብዙ የአፍሪካ ከተሞች ትልቋ እሷ ነበረች።

በ325 ሠለስቱ ምዕት በኒቅያ ሲሰበሰቡ አርዮስን ብቻ አልነበረም ያዩት። በንጉሡ በሊቂንዮስ ዘመን ሳይገደዱ የካዱት 12 ዓመት በንስሐ እንዲቆዩ ወሰኑ፤ ለሚሞት ሰው ግን ስንቁ፣ ቁርባኑ፣ አይከልከል አሉ። የሰራፕዮን ሌሊት ሕግ ሆነ። ከኖቫጥያኖስ ወገን የሆነ አቄስዮስ የሚባል ጳጳስም መጥቶ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ሶቅራጥስ እንደሚተርከው፣ ቆስጠንጢኖስ ለምን እንደ ተለየ ጠይቆ ሲሰማ፣ እንግዲያስ መሰላል አቁምና ብቻህን ወደ ሰማይ ውጣ አለው።

አፍሪካ ላይ መሰላሉ ቆሞ ቀረ። ግርፋት፣ ስደት፣ ግዳጅ፣ አጸፋ ተፈራረቁ፤ በሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። በ411 ሰኔ ላይ ወደ 570 የሚጠጉ ጳጳሳት ካርታጎ ውስጥ በአንድ ትልቅ መታጠቢያ ቤት አዳራሽ ተጋጠሙ። ዶናቲስቶች ከኃጥአን ጋር አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ የንጉሡ ዳኛ ማርኬሊኖስም አብሮ ለመቆም ተገደደ። ሦስት ቀን በተቀመጠው ጉባኤ የ303ቱ ሰነዶችም ተገለባበጡ። ከአዳራሹ አንድም ሰው በዚያ ግንቦት ሲርታ አልነበረም፤ 108 ዓመት አልፏል።

የቄኪልያኖስን ሲመት የተቀበለው ወገን አንደበት የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ ነበር። ጥምቀቱ የክርስቶስ ነው እንጂ የአጥማቂው አይደለም፤ ይሁዳ ያጠመቀውም ክርስቶስ ያጠመቀው ነው ይላል። ከጉባኤው በፊት ወገኖቹ ብንረታ መንበራችንን እንለቃለን፣ ብትረቱም ከነማዕረጋችሁ እንቀበላችኋለን ብለው ጽፈው ነበር። ለጋስ ቃል ነው። ፍርዱ ለእነሱ ሆነ፤ በጥር 412 ግን የመጣው ሕግ የገንዘብ ቅጣትና የቤተ ክርስቲያን ወረሳ ነበር። ቀድሞ በግድ ማሳመን አይገባም ይል የነበረው አውግስጢኖስ ሐሳቡን ለውጦ ግዳጁን ደገፈ፤ በሉቃስ ወንጌል ያለውን የግብዣ ምሳሌም ለዚህ ጠቀሰው። ከሥራዎቹ መካከል ይህን ለመከላከል የሚቸገር ብዙ ነው፤ መቸገሩም ተገቢ ነው።

በ430 ቫንዳሎች ሂፖን ከበቡ። በከበባው ሦስተኛ ወር አውግስጢኖስ በንዳድ ታመመ። አብሮት የነበረው ጳጳስ ፖሲድዮስ እንደጻፈው፣ የተመሰገነ ክርስቲያንም ሆነ ካህን ያለ ንስሐ ከዚህ ዓለም ሊሄድ አይገባውም ይል ነበር። ከዳዊት መዝሙር ጥቂቶቹን የንስሐ መዝሙሮች አስጽፎ በአልጋው ትይዩ በግድግዳው ላይ አስለጠፈ። ሐኪሞች ሲገቡና ምግብ ሲመጣ ካልሆነ በቀር ማንም እንዳይገባ አዘዘ። አሥር ቀን ያህል ተኝቶ ግድግዳውን እያነበበ አለቀሰ፤ ነሐሴ 28 ቀን ሞተ።